ግራውም ይለካ

ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ በርበሬ ስቀነጥስ ነበር። እጄ እየተቃጠለ፣ ዓይኔን እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ። አንቺ ካርቶን ይዘሽ መጣሽና ከአጠገቤ ዘረጋሽው። ጫማሽን አውልቀሽ ቆምሽበት፣ እግርሽን በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሳልሽ። ለትምህርት ቤታችሁ ድራማ ቦት ጫማ ታደርጊያለሽ፤ ሩዋንዳ ሰፈር ያለችው ጫማ ሻጭ ደግሞ ልክሽን በስልክ ላኪልኝ ብላሻለች። ቀኙን ሳልሽና ካርቶኑን አነሳሽ።

«ግራውስ?» አልኩሽ።

«እማማ ደግሞ! ያው እኮ ነው።»

ያው እኮ ነው ስትይ በርበሬው ከእጄ ወደቀ። ፀሐይ የመታው የካርቶን ሽታ አፍንጫዬ ገባ። እኔም ይቺኑ ቃል አንድ ቀን ብያታለሁ፤ ያንቺን ዕድሜ ሳለሁ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ እንዳንቺው ለድራማ ቦት ስለካ። ለዚህ ነው ስልክሽን አምጪና ጻፊ ያልኩሽ። በርበሬው ይቆየኛል።

ያኔ ቦሌ ሚካኤል እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረም። ከቤተክርስቲያኑ ወዲህ የጭቃ ቤት፣ ወዲያ ማሳ ነበር። አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ወሬ የያዘ ሰው አፉን እንደከፈተ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እናቴ ሞታ እኔ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ውሃ እቀዳለሁ፣ እላላካለሁ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጁንም አልረገጥኩ።

ግራ እግሬን ታውቂዋለሽ፤ ቅባት ስትቀቢኝ አይተሽዋል። ሕፃን ሳለሁ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ተቃጠለና ጣቶቼ ተጣብቀው ቀሩ። ከቀኙ ያጥራል፣ ጎኑ ይሰፋል። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እግርሽን ሰብስቢ» ትለኝ ነበር። እኔም መሰብሰብ ለመድኩ።

ያኔ ደግሞ ጫማ የሚገዛልሽ ሰው አንቺን ገበያ አይወስድሽም። በስንደዶ እግርሽን ይለካል፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት አድርሶ ይቆርጥና ስንደዶዋን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። አንድ እግር ይበቃዋል። ማን ሁለቱን ይለካል? እኔ ሁልጊዜ ቀኙን ነበር የማቀርበው። ኮንጎ ጫማ ሲመጣልኝ የግራውን ጎን በምላጭ እሰነጥቃለሁ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ እወትፋለሁ፣ ቀሚሴን ረዘም አደርጋለሁ። አለቀ። ማንም አያውቅብኝም።

ታዲያ አንድ ክረምት የቀበሌው ወጣቶች ድራማ ሊያሳዩ ተሰናዱ። የሚያዘጋጀው አንድ ቀጭን አስተማሪ ነበር። ታሪኩ፣ አንዲት ልጅ አባቷ ታሞ ሲተኛ የሱን ልብስና ቦት አድርጋ በሱ ፈንታ ትዘምታለች ነው። ልጅቷ አንድ ቃል አትናገርም። ሌሎቹ ስለሷ ሲያወሩ፣ ሲያሙ፣ ሲያለቅሱ ይቆዩና መጨረሻ ላይ እሷ ከአዳራሹ የኋላ በር ትገባለች። በሕዝቡ መሀል አልፋ መድረኩ ላይ ትወጣለች። በቃ። እኔም ልሞክር ብዬ ሄጄ ነበር፤ ማንበብ ስለማልችል አስተማሪው ንግግር የሌለውን ሰጠኝ።

«ያንቺ አፍ እግርሽ ነው» አለኝ። «ቦቱ ሲሚንቶውን ሲመታ ሕዝቡ ይስማው።»

አየሽ ጉዴን? ከሰፈሩ እግር ሁሉ የኔን!

ግን እንዴት እንደፈለግኩት ልነግርሽ አልችልም። እኔ ሰው መሀል ቀጥ ብዬ አልፌ አላውቅም። ለቅሶ ቤት ብሄድ፣ ሰርግ ብሄድ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የማልፈው። ያቺን ከበሩ እስከ መድረኩ ያለች መንገድ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው እያየኝ፣ መሀሉን ልሂዳት አልኩ።

ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ ስትሰማ «ኧረ ጉድ ነው! ይቺ ደግሞ ቦት አድርጋ ማንን ልትረግጥ ነው?» ብላ ጠጪዎቿን አሳቀችብኝ። አፏ እንዲያ ነበር፤ ከሷ አፍ የዳነ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም።

አክስቴ ከአንድ ዘበኛ ቦት ተዋሰችልኝ። ልምምድ ላይ አድርጌው ገባሁ። አዳራሹ መሀል ስደርስ ግራው ወልቆ ቀረ። እኔ አልፌ ሄጃለሁ፣ ቦቱ ብቻውን እዚያ ቆሟል። ልጆቹ ሳቁ፣ አንዱ ሌላውን እየያዘ ሳቁ። እኔ እግሬን በቀሚሴ ሸፍኜ ቁጢጥ አልኩ። አስተማሪው አልሳቀም። ግን «ድራማው እሁድ ነው። እስከ ቅዳሜ ልክሽ የሆነ ቦት ካላገኘሽ ለሊቀመንበሩ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ እሷ የወንድሟ አላት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ያድርግ።

ከቤተክርስቲያኑ አጥር ስር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ከጦር ሜዳ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ የተመለሰ ወታደር ነው። ጋሼ ነበር የምንለው። ባዶውን የሱሪ እግር ወደ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል። ማንም ሳይልከኝ ሄድኩና ነገሩን ነገርኩት። አንድ በርጩማ ብቻ ነበረችው። ክራንቹን ተደግፎ ብድግ አለ፣ በርጩማዋን ለኔ ሰጠኝና እሱ መሬት ወረደ።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ! በኛ ወግ ትንሽ ነው የትልቅን እግር የሚያጥበው። ትልቅ ሰው ከትንሽ እግር ስር ሲወርድ ያየሁት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቄሱን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ማን ነኝ? የአክስቴ ውሃ ቀጂ።

«ጋሼ፣ በሞቴ ተነስ» አልኩት።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ጫማ ከላይ ሆኖ አይለካም።»

ቤቱ ቆዳ ቆዳ፣ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የገባው ብርሃን እንደ ተበተነ ጥሬ መሬቱ ላይ ፈስሷል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ዘረጋና ቁሚበት አለኝ፤ «እግር ልኩን የሚናገረው ሲቆም ነው።» ቀኙን አቀረብኩ። በእርሳስ ቁራጭ ዙሪያውን ሄደበት። ከዚያ በክር የእግሬን ጀርባ ዞረ፣ ተረከዜን ዞረ፣ ባቱን ዞረ፣ በደረሰበት በክሩ ላይ ቋጠሮ ያስራል። ሲጨርስ «ግራውን» አለኝ።

«ያው ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የታጠፈ ሱሪውን መታ መታ አደረገና «የኔ ግራ እንኳ ያው አይደለም። ያንቺን በምን ልመን?» ብሎ ሳቀ። እኔንም ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። እየሳቅኩ አወለቅኩት።

አልደነገጠም። «ውይ» አላለም። ከትልቅ ሰው ሙሉ ብርጭቆ እንደሚቀበል፣ በሁለት እጁ ተቀበለው። ወዲያው አውሮፕላን መጣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ጣሳው ውስጥ ያሉት ሚስማሮች ተንጫጩ። እሱ እግሬን ሳይለቅ እስኪያልፍ ጠበቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያንን እግር የነካ ሰው አልነበረም። መዳፉ ሻካራ ነው፣ ይሞቃል። ያ አውሮፕላን ባያልፍ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ለካው። የተጣበቁትን ጣቶች አንድ በአንድ ዞረባቸው፤ ጠባሳውን በክር እየተከተለ፣ እንዳያመኝ እየጠየቀ። ለቀኙ ካሰረው ቋጠሮ ይልቅ ለግራው ያሰረው በዛ።

«ይሄ ነው ሥራ ያለው እግር» አለ። «ቀኙን ማንም ይሰራዋል። ቅዳሜ ነይ።»

ቆዳውን ከየት እንደሚያመጣ አላሰብኩም። ልጅ ነኛ።

ቅዳሜ ስሄድ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ሲፈታው ጥቁር የወታደር ቦት ነው። ቀኙ አርጅቷል፤ ጀርባው ተሰነጣጥቆ በቀለም አብረቅርቋል። ግራው ግን አዲስ ነው፤ ሶሉ እንኳ አልተፋቀም። ሁለቱን አየሁ፣ የታጠፈ ሱሪውን አየሁ፣ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ያንተ ነው?»

«እነሱ ጥንድ ጥንዱን ነው የሚሰጡት፤ ስንት እግር አለህ አይሉም» አለኝ። «ግራው መሬት ሳያይ ሳጥን ውስጥ ኖረ።»

ያንን መሬት ያላየ ቦት ቆርጦ አሳጥሮታል። ጎኑን ከፍቶ በሌላ ቆዳ አስፍቶታል፣ ውስጡን ባለጸጉር የበግ ቆዳ አልብሶታል። ቀኙንም ውስጡን በቆዳ ደርቦ ለልኬ አጥብቦታል። ከመቁረጡ በፊት ስንት ጊዜ አገላብጦ እንዳየው እሱ ይወቅ። እኔ የማውቀው እግሬ ሲገባ ነው። ያለ ጨርቅ፣ ያለ ምላጭ፣ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ገባ። ስቆም ሁለቱም እግሮቼ መሬቱን እኩል ነኩት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

«እስቲ ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። «ተመለሺ።» ተመለስኩ። «አሁን መሬቱን አትፍሪው፤ ምቺው።»

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥሏል። እኔ ከኋላው በር ውጪ ቆሜያለሁ። በሩ ተከፈተ። ቀኜን አስቀደምኩ፤ ሲሚንቶው ጮኸ። ግራዬን አስከተልኩ፤ እኩል ጮኸ። እኩል! የራሴ እግር መሆኑን እስክጠራጠር ድረስ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝና ዝም አለ። ያ የሳቀብኝ ልጅ ሁሉ ዝም አለ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ከጣሪያው በታች የኔ እርምጃ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ እንደ ደወል። ግድግዳውን ትቼ መሀል መሀሉን ሄድኩ፤ ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፈኝ። ሰው ለኔ እግሩን ሲሰበስብ! ጋሼን በዓይኔ ፈለግኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አላገኘሁትም።

ቦቱን ልመልስለት ስሄድ «ለማን ልክ ሊሆን?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ጋር ቀረ፤ እግሬ እስኪያድግ አደረግኩት። እሱ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አገሩ ሄደ አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የነገረኝ የለም። በቀደም አባትሽ በመኪና በዚያ ሲያሳልፈኝ ቤቱ የነበረበት ላይ ፎቅ ቆሟል። ታች ጫማ ቤት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ቀኝ ቀኙ ብቻ ተደርድሯል። ግራው የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው አባትሽ «ሌባ ፈርተው ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በይ፣ ካርቶኑን መልሰሽ ዘርጊው። ግራሽንም እንለካለን፤ አሁን፣ እኔ እያየሁሽ። ግን መጀመሪያ ይቺን ጨምሪልኝ።

ከድራማው በነጋታው ቦኖ ውሃ ወረፋ ይዤ ሳለ ያቺ ጠላ ሻጯ እንስራዋን አዝላ መጣች። ዛሬስ ምን ልትለኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን እንስራዋን አወረደች፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፣ ሰፈሩ በሚያውቀው ድምጿ ሳይሆን ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት ስትገቢ ከዚያ ጫማ ሰፊ ወታደር ጎን ተቀምጬ ነበር። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኗል። ግራሽን ባነሳሽ ቁጥር ግን ያ የታጠፈ ሱሪው አብሮሽ ብድግ ይል ነበር። እኔም አንቺን ማየቱን ትቼ እሱን ሳይ ቀረሁ።»