እናቴ እና የሚያንኳኳው መኪና

እናቴ ከአባቴ ቀብር ወዲህ ረጋ ብላ ተቀምጣ አላየኋትም። ምግቧን ቆማ ትበላለች፤ ስልክ እየተንጎራደደች ታወራለች። ደህናውን ቧንቧ ፈታ ገጥማዋለች፤ የመጋረጃውን ዘንግ ነቅላ ከፍ አድርጋ ሰቅላዋለች። ጎረቤቶች ድሮም «ንቢት» ይሏት ነበር፤ አሁን ግን ቀፎ የጠፋባት ንብ ሆነች።

ያልፈታችው የቤታችንን መኪና ብቻ ነበር።

ከማግባቷ በፊት የዳቦ ቤት መኪና እየነዳች በየሱቁ ታከፋፍል ነበር። ካገባች በኋላ መሪው የአባቴ ሆነ፤ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ባዶውን ወለል እየረገጠች ፍሬን ስትይዝለት ኖረች። በእሷ በኩል ያለው ምንጣፍ እግሯ በሚያርፍበት ቦታ ተበስቷል።

አሁን ራሷ መንዳት ፈለገች። ወንድሜ እምቢ አለ። «የሚያንኳኳ መኪና ለእናቴ አልሰጥም። ቅዳሜ ገዢ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ድምፁ ከጠፋ ያንቺ ነው፤ ካልጠፋ ይሸጣል።»

«ይሄ ልጅ የሚሸጠው መኪናውን ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ ስልኩን ዘግታ።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናውን ፊት በክሪክ አንስተን፣ በብረት አስደግፈን፣ ጎማዎቹን አወለቅን። ጎማውን የሚይዘው ክንድ፣ ብራቾ የሚሉት፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚጋጠመው ጎሚኒ በሚባል ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ተበልቶ አልቆ፣ ብረት ከብረት ይጋጭ ነበር። የአሮጌዎቹን ጎሚኒዎች ቅሪት አውጥተን አዲሶቹን ሳሙና ቀባናቸው። በአባቴ ሞርሳ፣ በብረት መንጋጋው፣ ጨምቀን ማስገባት ቀረን። የሞርሳው እጀታ ላይ አባቴ የጠቀለለው ጨርቅ እንዳለ ነው። እጄ አልሄድ አለኝ።

«አይነክስሽም» አለች። «አጥብቂ!»

ብራቾውን ከመለስን በኋላ፣ መኪናው ገና አየር ላይ እንዳለ፣ ቡሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቀቻቸው። የጥገናው መጽሐፍ በእጄ ነበር።

«እማዬ፣ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው። አሁን ካጠበቅሽው ስናወርደው ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ብዙ ሳይቆይ ይቀደዳል።»

«ወንድምሽ መጽሐፍ አያነብም፤ የሚሰማው በጆሮው ነው። ዛሬን ዝም ካለልኝ በቃኝ!»

«የምትነጂው ለእሱ ነው?»

መፍቻውን ወረወረችው። ግቢውን ዞረች፤ ያልላላውን የልብስ ማስጫ ገመድ አጠበቀች፤ ተመልሳ መጣች። «አንቺ እንደ ቢሮ ሹም ማህተም ይዘሽ ነው የተወለድሽው!» ብላ መኪናው ስር ገባችና ቡሎኖቹን አላላቻቸው።

ጎማዎቹን መለስን፤ መኪናውን በወፍራም ሳንቃዎች ላይ አቆምነው፤ ቦታውን እንዲይዝ ፊቱን ተጭነን ነቀነቅነው። እናቴ ከስር ሆና እያጠበቀች ሳለ ወንድሜ ገዢውን ይዞ ገባ።

ሁለት እግር ብቻ ታየው። «አላለቀም ማለት ነው።»

«ሂድና ውሃ ጠጣ» አሉት እግሮቹ።

ገዢው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየ። «ጎሚኒው አዲስ ነው! ደግሞ በክብደቱ ነው የሚያጠብቁት! እንዲህማ ከሆነ ከተነጋገርነው በላይ እጨምራለሁ።»

የወንድሜ ፊት ሲበራ አየሁ። በደንብ እንሥራው ብዬ መኪናውን ከእጇ ላስወጣው ነው።

እናቴ ግራሶ በግራሶ ሆና ወጣች። «ሳይሞክሩት ይገዛሉ እንዴ?» አለችው። ሰውዬው ወደ መሪው በር ሲሄድ ቀድማው ገባች። እሱ በተበሳው ምንጣፍ በኩል ተቀመጠ።

የግቢው በር ላይ ያለውን ጉብታ አለፉ። ምንም ድምፅ የለም። ወንድሜ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

ከቆይታ በኋላ ገዢው ብቻውን፣ በእግሩ መጣ። «መታጠፊያው ጋ አወረዱኝ። ዋጋ በጨመርኩ ቁጥር ሴትዮዋ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጉታል! አነዳዳቸው ደግሞ! ወለሉን ስረግጥ እግሬ አለቀ» አለና እየሳቀ ሄደ።

«ወዴት ሄደች?» አለኝ ወንድሜ።

መንገዱ ዳር ወጥተን ቆምን። አባቴ ሲመጣ ገና ከመታጠፊያው በኳኳታው እናውቀው ነበር፤ በሩን ቀድመን እንከፍትለታለን። አሁን ጆሮ የሚይዘው ነገር የለም።

«ድምፁ ከጠፋ ያንቺ ነው ብለሃታል» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

በሩን ግን አልዘጋነውም። ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ መታጠፊያው ጥለን ቆየን።