ምላስ እስኪበርድ

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ቆቦ ዳር በሚገኘው ግቢያችን ተረት እንዲሁ በነጻ አይነገርም ነበር። ተረት የሚነገረው በርበሬ ቀምሶ ምላሱ ለተቃጠለ ሰው ነው፤ እሱም ምላሱ እስኪበርድ ድረስ ብቻ። ይህን ሕግ ያወጣው የእናቴ አባት አባ ይማም ነው፤ እኛ «አባዬ» እንለዋለን። ዛሬ ለሰው ሳወራው ይስቃል። ያኔ ግን ለእኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ ከመንግሥት አዋጅ የጠበቀ ሕግ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከጓሮው ነው። አባዬ ከእናቱ የወረሰው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቀምሱት እስከ ጆሮ የሚያቃጥል የበርበሬ ዘር ነበረው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ችግኝ የሚወስደው ከእሱ ነው። አንድ ዓመት አንድ የግብርና ሠራተኛ የማያቃጥል፣ ጣፋጭ የቃሪያ ችግኝ ሲያድል አባዬም ወሰደና፣ ሌላ ቦታ ስላልነበረው ከራሱ በርበሬ ጎን ተከለው። ንቦቹ ከዚህ አበባ ወደዚያ አበባ ሲመላለሱ ሁለቱን ዘር ቀላቀሉበት። ከዚያ ወዲህ ጓሮው የሚያፈራው በርበሬ መልኩ አንድ፣ ጣዕሙ ግን ለየቅል ሆነ፤ አንዱ እግር እሳት ነው፣ አጠገቡ ያለው ስኳር። «ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ የኔ በርበሬ ልጓሙንም በጥሶ ሄደ» ይል ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ነቅሎ ይጥለው ነበር። አባዬ ግን ሁለቱንም ወደዳቸው፤ የሚያቃጥለውን ለእናቱ ሲል፣ ጣፋጩን ደግሞ እኛ ልጆቹ እንደ ፍራፍሬ ስንበላው ማየት ደስ ስለሚለው። ስለዚህ ሊለያያቸው ቆረጠ። የሚያቃጥለውን በቤቱ በኩል፣ ጣፋጩን በአጥሩ ሥር ሊያደርግ፣ መሀላቸው ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ በቆሎ ሊዘራ፣ «እንዳይተያዩ!» እያለ። ግን ለመለየት የእያንዳንዱን እግር ፍሬ መቅመስ ያስፈልጋል፤ የአባዬ ምላስ ደግሞ ክፉ ወባ ይዞት ከተነሣ ወዲህ ሞቷል፣ ጨውና ስኳር አይለይም። ለእናቴ ጨጓራዋ አይፈቅድላትም። ስለዚህ ምላሱ እኔ ሆንኩ።

የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ቤት ውስጥ አይገባም። አባዬ የጠፍር አልጋውን ግቢ መሀል ያወጣል፤ ለቢንቢው የኒም ቅጠል በማሽላ አገዳ ፍም ላይ ይጨሳል፤ ትንሿ የሶላር መብራት ከበሩ ጉበን ላይ ትሰቀላለች። ወደ ዋጃ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ጩኸት ጋብ ሲል አባዬ የቀላ በርበሬ ይዞ ከጓሮ ይመጣል፤ አንድ ብቻ፤ የተቃጠለ ምላስ ሁለተኛውን አይለይምና። እነክሳለሁ። ካቃጠለኝ ፍሬው የተቀጠፈበት እግር ላይ ቀይ ክር ያስራል፤ ካላቃጠለኝ ነጭ ክር። ቀይ ክር የታሰረ ቀን ተረት አለ። ነጭ ክር የታሰረ ቀን ምንም የለም፤ ምን ያሳምማልና!

ተረቱን ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ እናቴም፣ በአጥር በኩል ጎረቤታችን እትዬ ታደለችም። የሚነገረው ግን ለቀመሰው ነው። አባዬ አልጋው ላይ አጠገቡ ያስቀምጠኛል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ «ሰማሽ ሐዋ?» ይላል፣ እኔም «እሺ አባዬ» እላለሁ፣ ከዚያ ይቀጥላል። «እሺ» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የኔን «እሺ» ሳይሰማ ወደፊት አይራመድም ነበር። እናንተ ይህን እንዴት እንደምታዩት አላውቅም፤ ለእኔ ግን ከዚያ የበለጠ ሹመት አልነበረም።

አንድ ጣጣ ነበረብኝ፤ ምላሴ ጎማ ነው። እሳቱ ቶሎ ይለቀኛል። እኔ ጅሏ ደግሞ ጀግና ነኝ ለማለት ደረቴን ነፍቼ «በረደልኝ!» እላለሁ። በአንዱ ተረት፣ ጨው እንዲያመጣ እንስሶቹ ሁሉ ወደ አፋር የላኩት ጅብ በመንገድ ላይ እየላሰ እየላሰ ሮቢት ሲደርስ፣ ጆንያው ባዶ ሆኖ እንዴት ልግባ ብሎ ሲጨነቅ፣ እኔ «በረደልኝ»! አባዬም «ማሻአላህ፣ የኔ ጀግና» ይልና እዚያው ላይ ያቆመዋል። ያ ጅብ ስንት ማታ ሮቢት ላይ ቆሞ እንዳደረ አላህ ነው የሚያውቀው። ቢሆንም አልዋሸሁም። በርዶልኝ አልበረደልኝም ማለት አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም።

ከዚያ ከድጃ መጣች።

ከድጃ የአክስቴ ልጅ ናት፣ የእኔው እኩያ። እናቷ አረብ አገር ለሥራ ስትሄድ ከጎብዬ አምጥተው እኛ ቤት ተዋት። ማልቀስ ነበር ሥራዋ። ቀን ታለቅሳለች፣ ማታ ታለቅሳለች፣ እናቴ «አብሽሪ የኔ እናት» ስትላት ይባስ ታለቅሳለች። እኔም መጀመሪያ አዘንኩላት፣ ወላሂ አዝኜላት ነበር፤ ከዳቦዬ ሁሉ ቆርሼ ሰጥቻታለሁ። በአንዱ ማታ ግን አባዬ በርበሬውን ይዞ መጣና፣ እኔ አፌን ከፍቼ ስጠብቅ፣ አልፎኝ ሄዶ ለእሷ ሰጣት። «እንኪ፣ ለእንባሽ ሰበብ ልስጠው» አላት። ነከሰች። ጮኸች። አንስቶ አልጋው ላይ፣ በኔ ቦታ አስቀመጣትና «ሰማሽ ከድጃ?» አላት።

እርር ድብን አልኩ። ፍሙ አጠገብ ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ ቁጭ ብዬ፣ የኔን ጅብ ለእሷ ሲያስረክባት ሰማሁ። የከድጃ ምላስ ደግሞ አይበርድም! «አሁንስ?» ይላታል። እፍ እፍ እያለች እጇን ታወዛውዛለች። ይቀጥላል። ጅቡ ከሮቢት ተነሣ፤ ቆቦ ደረሰ፤ በእንስሶቹ ፊት ቀረበ፤ ጨው የበላ ሰው ውሃ ውሃ እንደሚል ጅብም ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ እንደሚያድር እኔ ያን ማታ ነው የሰማሁት፤ ለሌላ ሰው ሲነገር።

እንግዳ ውሎ ሲያድር ወርቅነቱ ይቀራል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ጠበቅሁ። ከድጃ ግን ከቀን ወደ ቀን ወርቅ እየሆነች ሄደች። ቀማሽ እሷ ሆነች። እሷ የቀመሰችው ሁሉ ደግሞ ያቃጥላል! በኔ ጊዜ ስንቱን ማታ በነጭ ክር እንዳላሳለፍን፣ በእሷ ጊዜ ጓሮው ቀይ በቀይ ሆነ። እናቴ እንኳ «ይቺ ልጅ እግሯ ደግ ነው፣ ተረቱም በዛ» አለች። በዕድሏ ቀናሁ፣ በእንባዋ ቀናሁ፣ እናቷ ሩቅ በመሆኗ ሳይቀር ቀናሁ፤ ይቅር ይበለኝና፣ የኔ እናት እዚያው ወጥ ስታማስል እያየሁ «ምነው እሷም አረብ አገር በሄደች» ያልኩበት ቀን ነበር። ልጅ ሲቀና ወሰን የለውም። ትልቅ ሰውም ሲቀና ያው ነው።

ቀይ ክር ከታሰረባቸው እግሮች ዘር ተለቀመ፣ በአመድ ታሽቶ በቅል ተቀመጠ፣ በጊዜው መደብ ላይ ተዘራ። አባዬ ችግኙን በኩራት አደለ። ለእትዬ ታደለች በተለይ ጨመረላቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና የሠርጉን በርበሬ ከአባዬ ዘር ሊያዘጋጁ አስበው ነበር። በጓሯችን በቤቱ በኩል የተተከለው ደግሞ እንዴት ያምር ነበር! ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ ታደለች ሙሉ ሰፌድ ይዘው በበሩ ገቡ።

«አባ ይማም፣ በርበሬ ነው ወይስ ካሮት ነው የሰጡኝ?»

አባዬ የሚሉት አልገባውም። እሳቸው አንዱን ዛላ አንስተው፣ እንደ ሸንኮራ ግምጥ አድርገው በልተው፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ አሳዩት። «ይኸው! የሠርግ ወጤ አልጫ ሊሆን ነው። እንግዳው ምን ይለኛል? የአባ ይማም በርበሬ ነው ብዬ ስፎክር ከርሜ!» አባዬ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ተከተልነው። ከቤቱ በኩል ካለው መደብ እየቀጠፈ ለእኔ ሰጠኝ። ቀመስኩ፤ ጣፈጠኝ። ሌላ ሰጠኝ፤ ጣፈጠኝ። ጥቂት የሚያቃጥሉ ነበሩ፤ አብዛኛው ግን ስኳር ነው። የአባዬ ፊት ሲጠቁር አየሁ፤ የእናቱ ዘር ነዋ፣ ስሙም ያለው እዚያ ላይ ነው። ያኔ ሁላችንም ዘወር ብለን ከድጃን አየናት።

እሷ አላለቀሰችም። ያ ሁሉ እንባ የት እንደገባ እንጃ፣ ቀጥ ብላ ቆማ «አላቃጠለኝም ካልኩ ተረት የለም ብለሃል» አለችው።

«ታዲያስ?»

«ተረት ከሌለ እማዬ ትዝ ትለኛለች። እንቅልፍም አይወስደኝ።»

አሁን ዱላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የጠበቅሁት፤ ነገ ማታ ወደ ቦታዬ እንደምመለስ በልቤ አውቄዋለሁ። እትዬ ታደለች አፋቸውን ይዘው ቆሙ። አባዬ ግን ከሆዱ የወጣ ሳቅ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ወላሂ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሽበት እስካወጣ ድረስ ስተርት ኖሬ፣ ተረቴን እንዲህ አድርጎ የወደደልኝ አላጋጠመኝም!» ለእትዬ ታደለች ከሚያቃጥሉት ጥቂት እግሮች ያለውን ፍሬ ሁሉ ለቅሞ ሰጣቸው፤ ለዘር ጥቂት ብቻ አስቀረ። ያን ማታም ሳያስቀምስ፣ እንዲሁ፣ ከድጃን አጠገቡ አስቀምጦ ሊተርት ተዘጋጀ።

ኧረ ተዉኝ! እኔስ? እኔ በእውነት የተቃጠልኩት፣ በእውነት የበረደልኝ? ያቃጠለኝን ያቃጥላል ያልኩት፣ ያላቃጠለኝን አያቃጥልም ብዬ ያለ ተረት የተኛሁት? ለእኔ «ተረቴን ወደደችልኝ» ያለኝ የለም። እሷ ዋሽታ ዘሩን አጥፍታ ስትመሰገን፣ እኔ ጭስ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ተነሥቼ በጨለማው ወደ አጥሩ ጥግ ሄድኩ፤ እዚያ ለብቻዋ የበቀለች የሚጥሚጣ እግር ነበረች፣ ማንም የማይነካት። እጄን ሞልቼ ቀጥፌ አፌ ውስጥ ከተትኩና አኘክሁ።

ጎማ ምላስ እዚያ አይሠራም። መሬቱ ሁሉ ከሥሬ የከዳኝ መሰለኝ። ከንፈሬ አበጠ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ጆሮዬ ጢው ይል ጀመር፤ እየተደናበርኩ አልጋው ፊት መጥቼ ቆምኩ፣ መናገር ግን አልቻልኩም። አባዬ አየኝና «ደግሞ አንቺም ጀመርሽ?» አለኝ። «በቤታችን አንድ አስመሳይ ይበቃናል፣ ሐዋ። ቁጭ በይ።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ደርሶብኛል። የዚያን ቃል ያህል ግን ያመመኝ ጥቂት ነው።

ከድጃ ነች ከአልጋው የወረደችው። መብራቷን ከጉበኑ አውርዳ ፊቴ ላይ ያዘችና አየችኝ። «አባዬ፣ የእሷ የእውነት ነው» አለች። «እኔ ሳስመስል አፍንጫዬ አይፈስም ነበር።» ሮጣ ከቤት ወተት አመጣች፣ ኩባያውን ራሷ ይዛ አጠጣችኝ፣ እጄን ይዛ ወደ አልጋው ወሰደችኝና፣ ተነሺ ያላት ሳይኖር፣ በራሷ ቦታ አስቀመጠችኝ። እሷ ሄዳ ፍሙ አጠገብ ተቀመጠች። አባዬ ደንግጦ ራሴን እየደባበሰ «ሰማሽ ሐዋ?» አለኝ። ባበጠው ከንፈሬ «እሺ» አልኩ። ያን ማታ ምላሴ አልበረደም፤ ተረቱ እስከ መጨረሻው ለእኔ ተነገረ።

አባዬ ከሞተ ቆየ። ጓሮው ዛሬ የኔ ነው፤ የተረፉትን እግሮች ዘር እየመረጥኩ፣ ቀይና ነጭ ክር እያሰርኩ፣ መሀላቸው ላይ በቆሎ እየዘራሁ ዘሩን መለስኩት፤ የሰፈሩም ሰው ችግኝ ከእኔ ይወስዳል። ከድጃ ሮቢት አግብታ ልጆች ወልዳለች፤ ለዒድ ስትመጣ በርበሬ አሸክሜ እሸኛታለሁ፣ እንስቃለን፣ እንዋደዳለን። ግን በልቤ የቀረ አንድ ነገር አለ። ያን ማታ ጆሮዬ ጢው እያለ፣ ዓይኔ እየፈሰሰ፣ እሺ እሺ ከማለት በስተቀር አንዲት ቃል አልሰማሁም። ስለ አንዲት ሙሽራና ስለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ነገር መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። በሕይወቴ ለእኔ ተብሎ እስከ መጨረሻው የተተረተው ተረት እሱ ብቻ ነበር።

ከድጃ ታውቀዋለች። ፍሙ አጠገብ ቁጭ ብላ ሙሉውን ሰምታዋለች፤ ለልጆቿም ትተርትላቸዋለች አሉ። ብጠይቃት ትነግረኛለች፤ ያውም ደስ እያላት፣ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ ምንም ሳታስቀምሰኝ። ለዚህ ነው የማልጠይቃት።