የሹፌሩ ሽንኩርት

«አንቺ መተው እንጂ መያዝ አታውቂም» አሉኝ አክስቴ፣ ሻይ ቤታቸው በሰው ሞልቶ ሳለ።

አልዋሹም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቆላ፣ ኮኪት ከተማ እሳቸው ዘንድ ከወረድኩ ወዲህ የልብስ ስፌቱንም፣ የመሠረተ ትምህርት ማስተማሩንም ጀምሬ ትቻለሁ። አሁን ደግሞ ጎንደር ለጤና ረዳትነት ልማር አልኩ። ቀበሌው ያለ ዋስ የይለፍ ወረቀት አይሰጥም፤ ዋስ የሚሆነኝ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለኝም።

«ያን ነገር እስከ ክረምት አቆዪልኝና እፈርማለሁ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ በረንዳው እያሳዩኝ።

ያ ነገር የሹፌሩ ሽንኩርት ነው። ሟች ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከሞያሌ በኩል ይዘውት መጡ። ሁለት ቡጢ የሚያህል አረንጓዴ ራስ፣ ከአፈሩ ግማሽ ገላውን አውጥቶ የዘይት ጣሳ ውስጥ ቁጭ ያለ። በክረምት ከአናቱ እንደ ክር የቀጠነ ሐረግ ያወጣና ቅጠል ሳያበቅል ሲባጎ ይዞ ጣሪያ ድረስ ይወጣል።

ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ እዚያው የቀረ አንድ ሠራተኛ «እትዬ፣ ይቺ ለወጥ አትሆንም?» ቢላቸው፣ «ትሆናለች፤ ልብህን ቀጥ ታደርግልሃለች» አሉት። መርዝ መሆኑ ሲገባው በርጩማውን ይዞ ራቅ አለ።

በጥር ሐረጉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። «ተኝቷል፤ ዝናብ እስኪጥል ውሃ እንዳታሳዪው» አሉኝ። መጋቢት ላይ ግን ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ ውሻ ምላሱን ጥሎ ሲውል፣ ያን ደረቅ ራስ ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። አንድ ኩባያ አጠጣሁት። በነጋታው ሌላ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጎኑ እንደ በሰለ ቲማቲም ለስልሶ ሸተተ።

መደበቅ አልችልበትም። ጣሳውን እንዳለ ይዤላቸው ሄድኩ።

«በሰበሰ። አጠጥቼው ነው።»

ጣታቸውን ሰደዱበት። «ለጤና ረዳትነት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«በሽተኛው አሳዘነኝ። ቢላ አምጪ።»

ነጩ እስኪወጣ ቆረጥኩት። ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሰን ጥላ ውስጥ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ አስቀመጥነው።

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«ተይው።»

«ምንም?»

«ተይው አልኩሽ እኮ!»

ተውኩት። እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም። ሚያዝያንና ግንቦትን በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነበር የማልፈው። ሠራተኞቹ «ምነው፣ አሰሩሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ደጋግሞ ሲጥል፣ ካልተቆረጠው ወገን ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። በነሐሴ ሐረጉ የሲባጎውን እኩሌታ ወጣ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ሄዱና ፈረሙ።

የምሄድ ዕለት፣ የጎንደር አውቶቡስ እስከምይዝባት እስከ ገንዳ ውሃ ከተማ የሚያደርሰኝ የጭነት መኪና ጥሩንባ እየነፋ ሳለ፣ ንፋስ ሐረጉን ከሲባጎው እንዳላቀቀው አየሁ። ቦርሳዬን አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው» አሉ አክስቴ ከውስጥ። «ራሱ ያገኘዋል።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።