ስሙ ያልታወቀ አጥንት

ከወረታ የወጣሁ ማታ ጥርሴን ያመኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ የደረሰብኝ ሁሉ ከዚያች ጥርስ ስለተነሣ ነው። እናቴ ቅርንፉድ አስነከሰችኝ። አባቴ የቁሐር ሚካኤል ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ጉንጬ ላይ አሳረፉና «ጎንደር ስትደርስ ለሐኪም አሳየው» አሉኝ። እሺ አልሁ። ጎንደር ሥራ አግኝቻለሁ ብዬ ዋሽቻቸው ነበር። መተማን አልፌ ሱዳን መግባቴን የሰሙት ከሦስት ሳምንት በኋላ በስልክ ነው። አልተቆጡኝም። «ጥርስህስ?» ብቻ ነበር ያሉኝ።

ጥርሷን በረሃ ላይ የጭነት መኪና ሹፌር በፒንሳ ነቀለልኝ። ሥሯ ግን ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ሊቢያ መጋዘን ውስጥ ተቆልፈን ስንከርም መግሉ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው እየተሻገረ አራቱን አረገፈብኝ። ባሕሩን አልፌ ጀርመን ስገባ የታችኛው መንጋጋዬ ግራው በኩል ባዶ ነበር።

እዚህ አገር ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ግን እንደኛ ክረምት ሜዳውን ሞልቶ ሐይቅ አያደርገውም፣ ዝም ብሎ ሰውን ያበሰብሳል እንጂ። ዳቧቸው ጥርስ ላለው ሰው የተጋገረ ነው። አከራዬ ደግሞ አንዲት አሮጊት ናት፤ ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር በሬን ታንኳኳና «ቤትህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» ትለኛለች። እኔም «የለም፣ ራት ነው» እላታለሁ። ከዓመት ዓመት ጨዋታችን ይኸው ነው።

የጎዳኝ ግን ማኘኩ አይደለም። ዲያቆን ነኝ፤ ከአባቴ ጋር እየቀደስሁ ነው ያደግሁት። እዚህ ባለው ቤተ ክርስቲያን አንድ እሑድ ልቀድስ ገብቼ ሰ የሚባለው ፊደል ሁሉ በባዶው በኩል እያፏጨ ወጣ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ እቆማለሁ። አባቴ በደወልሁ ቁጥር «አንዲት ቃል በዜማ አሰማኝ» ይሉኛል፤ እኔም ኔትወርኩን አማርራለሁ። ጥርስ ላስተክል የቆረጥሁት ለዚህ ነው፤ አባቴ ሳያልፉ ድምፄን እንዲሰሙ።

ተርሚን ማለት እዚህ ቀጠሮ ነው፤ ያለ ተርሚን ሞትም የሚመጣባቸው አይመስለኝም። የእኔ ሲደርስ ሐኪሟ የመንጋጋዬን ፎቶ አሳየችኝ። አጥንቱ ሟሙቶ ሳስቷል፣ የሩዝ ማሳችን ድንበር በጎርፍ ተሸርሽሮ እንደሚቀረው። ጥርስ የሚሸከም አይደለም። ስለዚህ የደቀቀ አጥንት ሞልታ ልትሰፋው፣ ከእኔው ጋር እስኪዋሐድ ስድስት ወር ልንጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ሊተከል። ቅጽ ሰጠችኝና አጥንቱ ከየት ይሁን አለችኝ፤ ከራስህ ዳሌ፣ ከሰው፣ ከከብት ወይስ ከአሳማ።

ከዳሌዬ እንዳይሆን ዕቃ ተሸካሚ ነኝ። አሳማውን ተዉት። የሚቀለኝ ከብቱ ነበር፤ የፎገራ ሰው ሆኖ ከብት የሚያስፈራው የለም። ግን ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም የላም አጥንት አፌ ውስጥ ላሰፋ? ብዬ «ከሰው» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ደም እንደሚለግስ ሰው፣ አንዱ ጤነኛ ቆንጥሮ የሚሰጥ መስሎኝ ነበር።

የጠየቅኋት ከተሰፋሁ በኋላ ነው።

«ሰውዬው ተሻለው?»

ጓንቷን እያወለቀች «የቱ ሰውዬ?» አለች።

«አጥንቱን የሰጠኝ።»

«እሱማ ሞቷል። የሚወሰደው ከሞቱ በኋላ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ የተዘጋጀ ስለሆነ አትፍራ።»

ፈራሁ። ለአባቴ ነገርኋቸው። «ስመ ክርስትናው ማነው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባ።»

«ጠይቅ እንጅ ልጀ። አጥንቱን አፍህ ውስጥ ይዘህ ሳይፈታ እንዴት ይሆናል? ፍትሐቱን እኔ አደርስለታለሁ፤ አንተ ስሙን ብቻ አምጣ።»

ክሊኒኩ ሄድሁ። እንግዳ የምትቀበለዋን «ስም ፈልጌ ነበር» አልኋት።

«የማን?»

«የአጥንቱ ባለቤት።»

ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና «ዳተንሹትስ» አለች። የሰው ምስጢር አይነገርም ማለት ነው፤ እዚህ አገር መልስ የሌለው ነገር ሁሉ ዳተንሹትስ ነው።

«ወንድ ይሁን ሴት ንገሪኝ።»

«አይቻልም።»

«ክርስቲያን ነበር?»

«እሱን እኛም አናውቅም።»

«ታዲያ የምታውቁት ምንድን ነው?»

ቁጥር የተለጠፈበት ካርድ ሰጠችኝ። «ይኸው። እንዳይጠፋብህ።»

በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ተከፈተ። አንድ ጠዋት ምላሴ ላይ ነጭ ፍርፋሪ አገኘሁ፣ የሩዝ ስባሪ የሚያህል። መትፋት አቃተኝ። ሰው እንዴት ይተፋል? በብርጭቆ አድርጌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት። በማግሥቱ ሌላ ጨመርሁ። ከንፈሬ ደነዘዘ፣ አፌ መሽተት ጀመረ። ሐኪሟ አየችኝና «እስከ ዓርብ ካልገጠመ ጠርገን እናወጣዋለን። ያንተ አጥንት በጣም ስስ ነው፤ ሌላ ሙከራ የሚችል አይመስለኝም» አለችኝ። ሐሙስ ከሰዓት አከራዬ መጥታ አንኳኳች። ያን ቀን ሽንኩርት አላቁላላሁም። አሽትታ «ቤትህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። የለም ማለት አልቻልሁም።

እሷ እንደ ሄደች አባቴ ጋር ደወልሁ።

«ስሙን አገኘኸው?»

«ቁጥር ነው የሰጡኝ፣ አባ።»

«ቁጥር በጸሎት አይጠራም ልጀ።» ድምፃቸው ደክሟል። በዚያ በኩል እናቴ «ይተዉት፣ እባክዎ» ስትል ሰማኋት። አልተዉትም። «እንግዲያ ባንተ ስም እጠራዋለሁ። ያለው ካንተ ጋር አይዶለም?»

«አባ፣ እኔ እኮ አልሞትሁም።»

«አውቃለሁ። ግን ሌላ ስም የለንም። ያንተን እኔው ነኝ ያወጣሁት፤ እሱን እግዜርም ያውቀዋል።»

እንዲተዉት ለመንኋቸው። ዕጣኑንም መጽሐፉንም ቀድመው አዘጋጅተው ኖሮ ገጽ ሲገለጥ ተሰማኝ። ጀመሩ። በልጅነቴ በጎርፍ ዳር አጠገባቸው ቆሜ ለስንቱ ሬሳ የሰማሁት ጸሎት ነው። «ነፍሰ ገብርከ ገብረ ሥላሴ» አሉ፤ ገብረ ሥላሴ እኔ ነኝ። እናቴ ታለቅሳለች።

ከዚያ አባቴ ዝም አሉ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝና ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። የሚጠብቁትን ዐወቅሁ፤ እዚያ ላይ የሚመልሰው ዲያቆኑ ነው።

ብርጭቆውን ከመስኮቱ አንሥቼ በእጄ ያዝሁት። «እግዚኦ ተሣሃለነ» አልሁ፣ በዜማ፤ ሣው በባዶው በኩል አፏጨ።

«ሰማሁህ ልጀ» አሉኝ።