በተቃጠለው መዋኛ ፍርስራሽ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከዓይን ሐኪም ስትመልሰኝ፣ «ማሚ፣ ኢትስ ሶ ክሊር ቱዴይ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ባሕሩን አይተን እንሂድ» አለችና ሳልመልስላት መኪናዋን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ምዕራብ ጫፍ አዞረችው። ሐኪሙ የጨመረብኝ ጠብታ ገና ስላልለቀቀኝ ብርሃኑ ይወጋኝ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና እሷ ፎቶ ልታነሣ ወረደች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቀረሁ። ከበታቼ ማዕበሉ ዐለቱን ሰንጥቆ በሚያልፈው ዋሻ ገብቶ ሲመታ፣ ከባድ የቤተ ክርስቲያን በር የተዘጋ ይመስል «ድም» አለ። ድምፁን ወዲያው ለየሁት። ከሰማሁት ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ያን ጊዜ ከድልድዩ ማዶ ኦክላንድ ነበር የምኖረው፣ ከአጎቴ ልጅ ከጋሽ ተፈራ ጋር። በጥቂት ዓመት ብቻ ነው የሚበልጠኝ፤ ግን አባቴ ደሴ ላይ ሲሸኘኝ «እሱን እንደ እኔ እይው» ብሎኝ ስለነበር ያለ «ጋሽ» ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ቀን ነርስነት እማራለሁ፣ ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ። አቅም ያጡ አሮጊቶችን አገላብጣለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ጠዋት በአውቶቡስ እመለሳለሁ። የዚያን ዘመን ነገር ሳስታውስ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ ጀምሬ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ጋሽ ተፈራ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ሽርሽር ተጠርተናል። ኃይሉ ያንን የተቃጠለ የባሕር መዋኛ ሊያሳየን ነው።»

«ጋሼ፣ እባክህ ልተኛ።»

«መኪና ውስጥ ትተኛለሽ።»

ኃይሉ ሳን ሆዜ የመንገድ ሥራ ምህንድስና የሚማር፣ በመጪው ክረምት ጨርሶ አገሩ የሚገባ ልጅ ነበር። ከጋሽ ተፈራ ጓደኞች መኪና ያለው እሱ ብቻ ነው። በጸደይ ሲመጣ በመንገዱ ካሉት የፍሬ ዛፎች የረገፈ አበባ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። ከእኔ ጋር ብዙ አውርቶ አያውቅም። አንድ ዝናባማ ጠዋት ግን ጋሽ ተፈራ ልኮት ከሥራ ወስዶኝ ነበር። ገና መኪናው ሳይነሣ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ቤታችን ደጃፍ ቆመናል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ እሱ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ዝናቡን ያያል። ምን ያህል እንደጠበቀኝ አልነገረኝም። እንቅልፌን ያከበረልኝ ሰው በዚያ አገር እሱ ብቻ ስለነበር፣ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

መኪናው ውስጥ የኃይሉ ሦስት ጓደኞች አሉ። ገደል ለመውረድ የሚሄዱ ሰዎች፣ ሦስቱም ክራባት አድርገዋል! አንደበተ ርቱዕ የሚባለው ወርቁ ደመና በሌለበት ቀን ረጅም ጥቁር ጃንጥላ ይዟል። በጣም ስለደከመኝ «ምነው?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ ጥዬ ድልድዩን ስንሻገር አላየሁትም።

ስንደርስ ነፋሱ ቀሰቀሰኝ። ቁልቁል የሚወስደው መንገድ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ጫማዬ የሆስፒታል ነጭ ጫማ ስለሆነ ይንሸራተታል። ከታች የመዋኛው ፍርስራሽ ተዘርግቷል። ጣራው በሙሉ መስታወት የነበረ፣ ሕዝብ እየጎረፈ የሚዋኝበት ትልቅ ቤት ነበር አሉ። እኛ ስናየው የቀረው የሲሚንቶ ግድግዳ፣ የዛገ ብረት፣ የትም የማያደርስ ደረጃና አረንጓዴ ውሃ ያቆሩ ገንዳዎች ብቻ ናቸው። ከተቃጠለ ዓመታት ቢያልፉም ጥጋጥጉ ውስጥ የከሰለ እንጨት ነበር። ኃይሉ ገንዳዎቹ የባሕሩን ሙላት ጠብቀው እንዴት ይሞሉ እንደነበር በጣቱ እያሳየ ነገረን። የሚያወራው ለሁላችን ቢሆንም የሚያየው የገደሉን ጫፍ ነበር። ከዚያ በድንገት፣ «መኪናውን መቆለፌን ልይ» ብሎ ሽቅብ ወጣ።

እኔ አንዱ ዝቅተኛ ግድግዳ ላይ ተቀመጥኩ። የቀቀልኩት ድንች በበርበሬና በጨው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከላይ ከመንገዱ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ይመጣል።

ጋሽ ተፈራ አጠገቤ ሊቀመጥ ሲል ሦስቱ ፊቱ ተሰለፉ። ወርቁ ጃንጥላውን እንደ ከዘራ ተደግፎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ተፈራ።»

ጋሽ ተፈራ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ወርቁ እኮ ትናንት ማታ ካርታ ሲጫወቱ «አንተ አጭበርባሪ» ሲለው ያመሸ ሰው ነው።

«ምን ሆናችኋል? ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም። የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ይኼኔ ገባኝ። እንቅልፉ ከላዬ ላይ ተገፍፎ ሄደ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ኃይሉ ከላይ አፋፉ ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሽማግሌ የላከ ሰው በቦታው አይገኝም፤ የእኛዎቹ ግን መኪና ስለሌላቸው ሽማግሌዎቹን ነድቶ ያመጣቸው ሙሽራው ራሱ ነው።

«ልጅዎን ለልጃችን ለኃይሉ እንዲሰጡን ነው» አለ ወርቁ።

«በጾም?» አለ ጋሽ ተፈራ፣ ሌላ የሚለው ጠፍቶበት። «በጾም ሽማግሌ ሲላክ አይቼ አላውቅም።»

«ሰርጉ ነው እንጂ ጥያቄው መቼ ተጾመ?»

«ቤት የለኝም ወይ ታዲያ? ምነው ገደል ውስጥ?»

«ቤትዎ በመጣን ቁጥር እሷ ተኝታለች ይሉናል። በሹክሹክታ ሽምግልና የለም።»

ማዕበሉ ግድግዳውን መትቶ ረጨንና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከወገባቸው በታች ራሱ። አልተነቃነቁም። አንደኛው በቀስታ፣ «ወርቁ፣ ቶሎ በል፣ በረደን» አለው።

ጋሽ ተፈራ ግን ቀልዱን ትቶ ነበር። ፊቱ ላይ የአባቴን ጭንቀት አየሁ። «አባቷ ደሴ ናቸው» አለ። «እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«እዚህ አባቷ እርስዎ ነዎት። ልጁ በክረምት ይገባል። ይዟት ይግባ ነው የምንለው።»

ይዟት ይግባ። ትምህርቴ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። አሁን ከሄድኩ ያ ሁሉ ሌሊት ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው፤ ካልሄድኩ ደግሞ እሱ ብቻውን ይሄዳል። ጋሽ ተፈራ ባህሉ የማይፈቅደውን አደረገ። ወደ እኔ ዞሮ፣ እነሱ እየሰሙ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ጸዳለ?» አለኝ።

የተናገርኩትን አልረሳውም፤ አጭር ስለነበር። «አንድ ዓመት ይታገሱኝ። ትምህርቴን ልጨርስ።»

«አንድ ዓመት ምን አላት!» አለ ወርቁና ሦስቱም ከእስር እንደተፈቱ ሰዎች ዘፍ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወርቁ ለኃይሉ የምሥራች ምልክት ብሎ ጃንጥላውን ወደ ላይ ዘረጋ። ነፋሱ ገለበጠው። ኃይሉ ሰው ውሃ ውስጥ የገባ መስሎት ገደሉን በሩጫ ወረደ። ትንፋሹ ተቆራርጦ ሲደርስ ማንም በእኔ ፊት ሊነግረው አይችልም። ቆሞ አንድ በአንድ አየን። እኔ ድንች ልጬ በበርበሬ ነክቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ አጠገቤ ተቀመጠና በላ። መልሱን ከዚያ የተረዳው ይመስለኛል፤ ፈገግ አለ።

በክረምቱ ሄደ። ጥቂት ደብዳቤዎች መጡ፤ ጅማ መንገድ ላይ እየሠራ ነበር። እኔ ትምህርቴን በጨረስኩበት ክረምት አገሩ ተገለባበጠ። ደብዳቤው ሳሳ፣ ከዚያ ቆመ። አንዱ ታስሯል አለኝ፣ አንዱ ወደ ሱዳን ተሻግሯል አለኝ፣ ሌላው በስም ተሳስቶ የሌላ ሰው ወሬ ነገረኝ። ጋሽ ተፈራ እስኪያርፍ ድረስ ስለ እሱ አጠያይቆልኛል። እኔ ዓመታት ጠብቄ ሌላ ደግ ሰው አገባሁ፤ እሱንም እዚሁ ቀበርኩት። በቤቴ አላማርርም።

ያን ቀን የሰሙ ሁሉ ግን «አስተዋይ ልጅ፣ አርቃ አሰበች» ብለው አመሰገኑኝ፤ ይህ ስም እስከ ዛሬ ተከትሎኛል። እውነቱን ለመናገር አርቄ አላሰብኩም። እንደዚያ የደከመው ሰው ሁሉንም ነገር ወደ ነገ ነው የሚገፋው። እንቅልፍ ጠግቤ ቢሆን ኖሮ ምን እል እንደነበር አላውቅም።

«ማሚ፣ ተኛሽ?» አለችኝ ልጄ ተመልሳ።

«እየጸለይኩ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነው። ነገር ግን ይህ ጸሎት ያስቸግረኛል። አንድ ጊዜ ቄሱ በቅዳሴ የኃይሉን ስም እንዲያነሱልኝ ጠይቄ፣ «በሕይወት ያለ ነው ወይስ ያረፈ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «የክርስትና ስሙስ?» አሉኝ። እሱንም አላውቅም። «ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው አጽናኑኝ። ግን ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ የክርስትና ስሙን ልጠይቀው እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር።