ሐሙስ በትኩሳት የተናገርኩት ቃል

መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታት ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ተበላ በምትባለው የቆላ ከተማ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነቢዩ ሚክያስ ስለ ቤተ ልሔም የተናገረውን ሳስረዳ ከዓይኔ ኋላ አንዳች ነገር ይወጋኝ ጀመር። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ፓራሲታሞል ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ይሞኛል? ይሞኛል እንጂ! ቆላ ወርዶ ሁለት ሳምንት ያለ አጎበር ያደረ ሰው ራሱን ሲያመው ምን ማሰብ እንዳለበት በከተማችን በሶዶ የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር።

መተዳደሪያዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ስለ ተፈጸሙ ትንቢቶችና ስለ መሠረተ እምነት ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ዘዴዬ ቀላል ነው። ተማሪው ደብተሩን መሃል ለመሃል ያሰምራል፤ በግራ «ትንቢቱ»፣ በቀኝ «ፍጻሜው» ብሎ ይጽፋል። ቃሉ መቼ፣ የትና በማን አፍ እንደተነገረ ሳትመዘግቡ ተፈጸመ አትበሉ እላቸዋለሁ። የተባለው ካልሆነ ደግሞ እግዚአብሔር አልተናገረውም፤ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። ግትር ይሉኛል፤ ነኝም።

ለሦስት ሳምንት እንዳስተምር ተበላ የጋበዘኝ ወንጌላዊ ማርቆስ ነው። ያረፍኩትም በእሱና በባለቤቱ በወርቅነሽ ቤት ነበር። ሳቂታ ሰው ነው፣ ሰርጉም ለቅሶውም ያለ እሱ አይደምቅም። «አንተ እኮ መንግሥተ ሰማያት በር ላይም ደብተር አሳዩኝ ትላለህ» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ረቡዕ እሱንም አተኮሰው።

ረቡዕ እኔን ብርድ ብርድ አለኝ። የዕለቱ ትምህርት ትንሣኤ ነበር። «በሦስተኛው ቀን ይነሣል» የሚለውን ደጋግሜ አስነበብኳቸው። ሐሙስ ክፍሉ ዞረብኝ። ወደቅሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

እኔንና ማርቆስን አንድ ክፍል አስተኙን። ተማሪዎቹ ሊጸልዩልን መጡ። እኔ መናገር ጀመርኩ። ዓይኔ ተከፍቷል፣ ሰው ግን አላይም። ድምፄ የማስተማሪያ ድምፄ ነበር አሉ። ከጎኔ ማርቆስ ያቃስታል። ከተማሪዎቼ ሁሉ ጠንቃቃዋ አስቴር ደብተሯን አወጣች። እንዳስተማርኳት ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቀጥላ በግራው በኩል ከአፌ የወጣውን ጻፈች፦ «ማርቆስን አትንኩት። በሦስተኛው ቀን ይነሣል።»

ዓርብ ጠዋት ሰውነቴ ተገተረ። አረፋ ደፈቅሁ። ጎረቤት ያለች የጤና ጣቢያ ነርስ ሮጣ መጣች። ጣታችንን ወግታ የሁለታችንንም ደም መረመረች። «ሁለቱም ፋልሲፓረም ነው፣ ገዳዩ ወባ። ሁለቱንም ጫኑ!» አለች። ሚኒባስ መጣ። እኔን አስገቡኝ። ማርቆስ እምቢ አለ። «ለእኔ ቃል መጥቶልኛል» አለ። ወርቅነሽ እጁን ይዛ ጎተተችው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «ቃሉን እናክብር፣ አትንኩት ተብሏል» ብለው አስለቀቋት። ነርሷ ጮኸች፤ የሰማት የለም። ሚኒባሱ ሄደ። ውስጡ ቦታ ነበረ።

ማርቆስ እሁድ ሞተ።

እኔ ሰኞ ከሰዓት ሶዶ ሆስፒታል ነቃሁ። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ሐኪሙ ቀኑን ጠየቀኝ፤ አላወቅሁም። «ሴሬብራል ማላሪያ ነው፣ ወባው ጭንቅላትዎ ላይ ወጥቶ ነበር» አለኝ። «በአርቴሱኔት መርፌ ነው የተመለሱት። አንድ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ አሁን አናወራም ነበር።» ለፍልፌ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሁሉም ይለፈልፋል፣ ትኩሳቱ ነው» አለና ወደ ሌላው አልጋ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ጆሮዬ ቀን ከሌት ይጮሃል፣ ማንኪያ ከእጄ ይወድቃል፣ ባለቤቴ የተቀቀለ ጎደሬ አድቅቃ እንደ ሕፃን ታጎርሰኛለች፣ እኔም በየማለዳው ማርቆስ እንዴት ነው እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ እሷም ፊቷን ወደ ድስቱ መልሳ ደህና ነው፣ ይጸልይልሃል ትለኛለች። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ያለ ከዘራ ግቢውን መዞር ስችል፣ ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው አረዱኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ አስቴር ደብተሯን ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «መምህር፣ በቀኙ በኩል ምን ልጻፍ?» አለችኝ። አነበብኩት። ክው አልኩ። የገዛ ዘዴዬ፣ የገዛ ቃሌ፣ ሰዓቱ ሳይቀር።

አብሯት የመጣው ሽማግሌ መፍትሔ ነበረው። «ተነሣ ማለት ወደ ጌታ ተነሣ ማለት ነው፤ እንዲህ ብለን ብንጽፈውስ?» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አንዳንዶች በዚሁ ትርጉም ነቢይ ይሉኝ ጀምረው ነበር፤ እጄን እንድጭንላቸው ደጄ የሚመጡም ነበሩ። ስሜም ይተርፋል፣ የማርቆስ ደም ከእጄ ይወርዳል ብዬ አሰብኩ። ተማሪ እንዲህ አጣሞ ቢጽፍልኝ ደብተሩን እወረውርበት ነበር። ሳምንት ሙሉ ግን ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያስነሣኝ አስቴር የነገረችኝ ወሬ ነው። ተበላ ላይ ሌላ ትርጉም ይወራል አለች። ቃሉ የወደቀው የቤቱ ሰው ስለ ተጠራጠረ ነው ይባላል። የቤቱ ሰው ማለት ወርቅነሽ ናት።

በሚኒባስ ሄድኩ። ጥቁር ለብሳ ደጃፍ ተቀምጣለች። በወላይትኛ ነው ያወራነው። «ወርቅነሽ፣ ጌታ አልተናገረም» አልኳት። «ሳስተምር የሰነበትኩት ከትኩሳቱ ጋር ተደባልቆ ከአፌ ወጣ። ያ ወባ ነው።»



«ቅዳሜ የወባ ክኒን ደብቄ ሰጥቼው ነበር» አለች። «ወዲያው አስመለሰው። በእኔ ጥርጣሬ ሞተ ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ጸሎት አልወጣኝም።»

«ከሁላችን ትክክል ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ለምን ቀድመው አልመጡም?»

 

ተመልሼ አስቴር እኔ ዘንድ በተወችው ደብተር ላይ፣ በቀኙ በኩል ጻፍኩ፦ «አልሆነም። እግዚአብሔር አልተናገረውም። ተናጋሪው ታሞ ነበር።» ፈረምኩበት። በሚቀጥለው እሁድ ተበላ ላይ ጉባኤው ፊት አነበብኩት፤ አንዳንዱ ተነሥቶ ወጣ። ዛሬም አዲስ ትምህርት ስጀምር መጀመሪያ የማስነብበው ያንን ገጽ ነው፣ ቤተ ልሔም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ያችን ነርስ፣ ሐኪሙን፣ ያጎረሰችኝን ባለቤቴን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። ወርቅነሽን ማመስገን እንኳ እፈራለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቆላ ውላችሁ አድራችሁ ራሳችሁን ካመማችሁ ዛሬውኑ ተመርመሩ። በሽተኛ ሲለፈልፍ ደብተሩን ዝጉና መኪና ፈልጉ፤ መንገድ ላይም ይጸለያል። አጠገቡ ሌላ የታመመ ካለ፣ እምቢ ቢልም፣ የፈለገውን ቃል ቢጠቅስም፣ ተሸክማችሁ አስገቡት። ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ነበረ።