በስቴፕለር የተዘጋው ምዕራፍ

ውብነሽ መጽሐፍ የምትመርጠው ጤፍ እንደምትመርጥ ነው። ሽፋኑን አታምንም። መሃሉን ከፍታ ታያለች፣ ወረቀቱን በጣቷ ታሻለች፣ ሻጩ የሚለውን ሰምታ እንዳልሰማች ትሆንና "ሌላ የለም?" ትላለች። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው በርባንክ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ እናቶች በዓመት አንዴ አንድ አዳራሽ ተሰብስበው ያገለገሉ የመማሪያ መጻሕፍት ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እሷን የማያውቅ ሻጭ የለም። ስትገባ ሲያዩ የሚሸጡትን መጽሐፍ ደግመው ማንበብ የሚጀምሩ አሉ ይባላል። ይህን የሚያወራው ግን ባሏ ሰይፈሥላሴ ነውና ግማሹን መቀነስ ያስፈልጋል።

ደሴ ሳለች እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ዲቪ ደርሷት ሎስ አንጀለስ ስትገባ፣ ዓርብና ቅዳሜ ግሌንዴል አንዲት አሮጊት መንከባከብ ያዘች። ሰይፈሥላሴ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና ያቆማል። የሚኖሩት ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ነው። ልጆቻቸው ሃይሚና ቶማስ ይባላሉ።

ልጆቹን ቤት የማስተማሩ ነገር የመጣው በአንድ ቃል ነው። ሃይሚ ስምንት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወረወረች። እናቷ "ምን ሆንሽ?" ብትላት "ዋትኤቨር" ብላ፣ ምን አገባሽ እንደማለት፣ ጀርባዋን ሰጠቻት። ውብነሽ መሃል ቤት ቆማ ቀረች። በእሷ አስተዳደግ ልጅ እናቱን ጀርባ አይሰጥም፣ መልስም አይመልስም። "ልጅቷ አፍ አወጣች" አለች ለባሏ። የዚያን ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ልጇን አስወጣች። ሰፈሩም አፍ አላጣም፤ አንዱ "ልታመነኩሳት ነው" አለ፣ ሌላዋ "ሃርቫርድ በግል ልትከፍት ነው" አለች። ውብነሽ መልሷ አንድ ነበር፦ "ዝም አይነቅዝም።"

ከዚያ የመጽሐፍ ምርጫው መጣ። የመጀመሪያው መጽሐፍ አስተማሪዋ የምትናገረውን እያንዳንዱን ቃል ጽፎ የሚሰጥ ነበር፤ "አሁን ፈገግ በይ" ከማለት በቀር የቀረው ነገር የለም። ሳምንት ሳይሞላው ለሌላ እናት ሰጠችው። ሁለተኛው ጥሩ ጥሩ አንቀጽ በእጅ የሚያስገለብጥ ነበር፤ እሱን ወደደችው። ሦስተኛው ግን አስደነገጣት። ዓረፍተ ነገርን በመስመር እየሣለ የሚያሳይ የሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ግንዱ ላይ፣ የቀረው ሁሉ በቅርንጫፍ። ውብነሽ ደሴ ላይ ሰዋስው ስታስተምር የነበራት ጠመኔና ድምፅ ብቻ ነበር። ያስተማረችው ነገር አጥንት እንዳለው ያየችው አሁን ነው። ፌርፋክስ ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቁጭ ብላ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን "ልብስዎን ያለ ጠባቂ አይተዉ" የሚል ማስጠንቀቂያ በመስመር ስትሥል ማሽኑ ቆሞ ሰው ልብሷን አውጥቶ ቅርጫት ውስጥ ከተተላት።

የቃላቱ መጽሐፍ ደግሞ ከዚያ ባሰ። ከላቲንና ከግሪክ አንድ ሥር ይሰጥና ከሱ የበቀሉትን ቃላት ይዘረዝራል። ውብነሽ "ጸሐፈ" ካለው መጽሐፍም ጸሐፊም ጽሑፍም እንደሚወጣ ስታውቅ ኖራለች፤ የፈረንጁም እንዲህ ዘር እንዳለው ግን ማንም አልነገራትም። ሌሊት ሠርቶ ለመጣ ባሏ ቁርስ ሳታቀርብለት ስለ አንድ የላቲን ሥር ማውራት ጀመረች። ሰይፈሥላሴም ስለተራበ ገባኝ አላት።

የድርሰቱን መጽሐፍም እንዲሁ መርምራ ነው የገዛችው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን ያየችው ቤት ከገባች በኋላ ነው። ማሳመን ስለሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው መልመጃ እንዲህ ይላል፦ "በቤታችሁ ካሉት ደንቦች አንዱን እንዲቀይሩ ወላጆቻችሁን አሳምኑ።" ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልጇን ከትምህርት ቤት ያስወጣችበትን አፍ ገንዘብ ከፍላ ቤቷ ልታስገባው ነበር። ተነሥታ ስቴፕለር አመጣችና ምዕራፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርቅማ ዘጋችው። ልጆቹ መጽሐፉ እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሏቸው ኖሩ።

ዓመታቱ አለፉ። ሃይሚ አሥራ ሁለት ሞላት። ጽሑፏ እንከን አይወጣለትም፤ ያነበበችውን አሳጥራ ስትጽፍ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን አትስትም። ንግግሯም አጭርና ጨዋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እናቶች ሁሉ "ውብነሽ፣ ይቺን ልጅ በምን አሳደግሻት?" ይላሉ፤ ውብነሽም ሽቅብ ታድጋለች።

ቤት የሚማሩትን ልጆች የሚመዘግበው ፕሮግራም በየጊዜው አንዲት ተቆጣጣሪ መምህርት ይልካል። ሚስ ዳያና ትባላለች፤ ደግ ሰው ናት። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ መጥታ የሃይሚን ጽሑፎች አንድ በአንድ አገላበጠች። ብዙ ካደነቀች በኋላ መነጽሯን አወለቀች።

"ውብነሽ፣ ይሄ ሁሉ ሌሎች ሰዎች ያሰቡት ነው። ሃይሚ ራሷ ምን እንደምታስብ አንድ መስመር አላገኘሁም።"

"ገና ልጅ ናት እኮ" አለች ውብነሽ።

"በዚህ ክፍል አስተያየቷን በምክንያት ደግፋ መጻፍ አለባት። ጁን ላይ አንድ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ እፈልጋለሁ። እሱ ከሌለ ለሚመጣው ዓመት ቤት ትማር ብዬ መፈረም ይከብደኛል።"

ሚስ ዳያና ስትወጣ ውብነሽ መጽሐፉን አንሥታ የስቴፕለሩን ሽቦ በቢላ ጫፍ እየነቀለች አወጣች። ሃይሚን ጠርታ መልመጃውን አሳየቻትና "የፈለግሽውን ጻፊ" አለቻት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ጻፈችም። "የመኝታ ሰዓታችን ትክክል ነው። አንደኛ፣ እናቴ የመረጠችው ነው።" ሁለተኛም ሦስተኛም ነበረው፤ ሁሉም ወደ እናቷ የሚያደርስ። በማግስቱ ስለ ቴሌቪዥን ጻፊ አለቻት። ቴሌቪዥንም እናቷ እንዳለችው ሆነ።

ውብነሽ ያን ጊዜ ፈራች። ልጇ ሰንፋ ወይም አልታዘዝ ብላ ቢሆን ኖሮ መላ ነበራት። ታዝዛ ነው የጻፈችው። እጇ ላይ ያለው ወረቀት ጨዋ፣ ንጹህና ባዶ ነበር፤ ባዶ ያደረገችውም ራሷ እንደሆነች ገባት። ቢሆንም መድኃኒቱን ከለመደችው ቦታ ፈለገች፤ ሌላ መጽሐፍ ገዛች፣ ከዚያ ሌላ። አንዱ ሐሳብን በሳጥን ያስሞላል፣ አንዱ በቀለም ይለያል። ሃይሚ ሳጥኖቹን ሁሉ አሳምራ በእናቷ ሐሳብ ሞላች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ብርሃነመስቀል ምሳ መጡ። የፓርኪንግ ሥራቸውን ትተው ጡረታ የወጡ፣ ወሬ የሚወዱ፣ እያንዳንዱን ቤት በወጡ የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። ውብነሽ ችግሯን አጫወተቻቸው።

"ልጅ ወላጁን ለመሟገት ምን ፊት አለው፣ ጋሼ? እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?"

"ምን ፊት አለው?" አሉ ጋሼ፣ ጉርሻቸውን አስቀምጠው። "እኔ አባት የሆነኝን አጎቴን በመሬት ከስሼዋለሁ። ያውም ተረታሁ። በላ ልበልሃ አልሰማሽም? ሁለት ባላጋራ መንገድ ላይ አላፊውን ሰው ይዘው 'ፍረድልን' ይሉታል። እሱም እምቢ አይል። የኩታቸውን ጫፍ ከጫፍ ይቋጥሩና ሳይላቀቁ ይሟገታሉ።"

"እና ስድብ አይሆንም?"

"የሚሟገት ሰው ፊቱን ወደ ዳኛው ነው የሚያዞረው። ለዳኛ የተነገረ ነገር ስድብ አይባልም። ስድብ የሚሆነው ዳኛ የሌለ እንደሆነ ነው።"

ውብነሽ ከገበታው ተነሣች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ሁለት ነጠላ ይዛ ወጣችና አንዱን ለሃይሚ አለበሰቻት፤ ጫፉንም ከራሷ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። "ጋሼ ዳኛ ናቸው" አለቻት። "ከኔ ጋር የማትስማሚበትን አንድ ነገር ለሳቸው ንገሪ። እኔን አትይኝ።"

"ኤኒ ቲንግ?" አለች ሃይሚ።

"ማንኛውንም ነገር።"

ሃይሚ ለረጅም ጊዜ ምንጣፉን አየች። ቶማስ ሊስቅ ሲል አባቱ አፉን በእጁ ያዘው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ሙግት ሲከፈት ተጠየቅ ይባላል፤ በያት" አሉ።

"እማዬ፣ ተጠየቂ" አለች ሃይሚ፣ ጋሼን እያየች።

"ልጠየቅ" አለች ውብነሽ።

"ኦኬ። ጋሼ፣ እናቴ ጎበዝ አስተማሪ ናት። መጀመሪያ እሱን እንድታውቅ ነው።" አንቱታውን አልለመደችውም፤ ጋሼም እንዳልሰሙ አለፉት። "መጽሐፍ የምትመርጥልኝ ራሷ ተምራበት ነው። ግን ቃላቱን ሁሉ ሰጥታኝ የማወራበት ሰው አልሰጠችኝም። ኮምፓኒየን የሚል ቃል አለ፣ ጓደኛ። ሥሩን አስተምራኛለች፣ እንጀራ አብሮ የሚበላ ማለት ነው። እኔ ምሳ የምበላው ከቶማስ ጋር ነው። ቶማስን እወደዋለሁ፣ ግን ሰባት ዓመቱ ነው። ሶ፣ በሴፕቴምበር ሚድል ስኩል መግባት እፈልጋለሁ።"

ሰይፈሥላሴ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሃይሚ ግን አላበቃችም።

"እናቴ አፍ ታወጣለች ብላ ትፈራለች። ገብቶኛል። ዋትኤቨር ያልኳት ቀን፣ ቲቸሯ ስሜን ስትጠራ ክፍሉ በሙሉ ስቆብኝ ነበር። ልነግራት ነው የመጣሁት። እንዴት እንደሚጀመር አላወቅኩም። አንድ ቃል ብቻ ነበረችኝ፣ እሷን አልኳት። አሁን ብዙ ቃል አለኝ። የሰጠችኝ እሷ ናት። ማንም ቢስቅብኝ ቤት መጥቼ የምላት ዋትኤቨር አይደለም፤ የሆነውን ነው። ይሄን ብቻ ነው የምለው፣ ጋሼ።"

ውብነሽ ልጇ የተናገረችውን እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደመጣም መናገር ትችላለች። ከነዚያ ቃላት የተሠራውን ሰው ግን ገና አሁን አየችው። እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር አጠገቡ ቆሞ ያየ ቢኖር እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ ጭቃውን ያውቀዋል፣ ትንፋሹን አያውቀውም። ፈራችም፣ ደስም አላት፣ ልቧም ተሰበረ፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ። ሚስ ዳያና የጠየቀችው ጽሑፍ ይኸው በቃል ተገኘ። ቤት መማሩን ያስቀጥላል የተባለው ጽሑፍ ቤት መማር ይቅርብኝ የሚል ሆነ።

"ውብነሽ፣ መልስ አለሽ?" አሉ ጋሼ። አሁን አይስቁም።

ብዙ መልስ ነበራት። የመንገዱ ነገር፣ የጓደኛው ነገር፣ የዘመኑ ነገር። አፏን ስትከፍት ግን ሁሉም "እናትሽ ነኝና" ብለው የሚጀምሩ ሆኑባት። እናትነት ደግሞ በችሎት ማስረጃ አይሆንም። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ ጥሬውን ፈለገች፣ አጣችው።

"መልስ የለኝም፣ ጋሼ" አለች። "ረታችኝ።"

"በአነጋገር ይፈረዳል፣ በአያያዝ ይቀደዳል" አሉ ጋሼ። "ለልጅቷ ፈርጃለሁ። መስከረም ላይ ትግባ።"

"ይግባኝ የለም?" አለ ሰይፈሥላሴ፣ ድምፁን ሊያቀል ፈልጎ።

"የለም" አለች ውብነሽ።

ሃይሚ አሁን ነው የፈራችው። ድፍረቱ እንደመጣ ሄዶባት የነጠላዋን ጫፍ ትነካካ ጀመር።

"እማዬ፣ ተቆጣሽ?"

ውብነሽ ጠረጴዛውን አየች። መስከረም ላይ ይህ ጠረጴዛ ጠዋት ጠዋት ግማሹ ባዶ ይሆናል። ለቶማስ አሁንም መጽሐፍ ትመርጣለች፤ የሃይሚን ሌላ ሰው ይመርጣል፣ ምናልባትም ሽፋኑን አምኖ። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"አልተቆጣሁም፣ የኔ እመቤት። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ድገሚልኝ። አሁን ግን ጋሼን ተያቸው፣ ወደ እኔ ዙሪ።"

ሃይሚ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ ጀመረች።